የክረምት መውጫ ምልክት በደብር ዐጸድ ውስጥ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ትምህርት ቤታችን ከክረምት ዕረፍት በኋላ ደጁን በሚከፍትበት በዚህ ቀን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። እኔ ብዕር ይዤ የሰውን ጉዳይ ስጽፍ ዕድሜዬን ያሳለፍሁ ጸሐፊ ነኝ እንጂ የዕፀዋትን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትንና ሊቃውንት መርምረው ከጻፉት ያገኘሁትን ብቻ ነው። ነገሩም ባለፈው ጳጉሜን 3 ቀን ከአንድ ወጣት መምህርና ከጥቂት ሕፃናት ጋር በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ውስጥ ስላደረግነው ጉዞ ነው።

የወጣንበት ምክንያት ይህ ነው። ወጣቱ መምህር ልጆቹን ስለ አራቱ ወቅቶች ሲያስተምር በእጁ የነበረው መጽሐፍ ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ነበርና፣ ጸደይን የሚያሳየው ሥዕል አመዳይ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሲቀልጥ ነበር። ከልጆቹም አንዱ እጁን አንሥቶ፦ «የእኛ አገር አመዳይ የሚቀልጠው በስንተኛው ቀን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ በዚያ ጊዜ ሣቀ፤ በኋላ ግን ብቻውን ሆኖ ሲያስበው አፈረ። ወደ እኔም መጥቶ፦ «እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያውቃሉ፤ መስከረም ጸደይ ነው ወይስ መጸው? ለልጆቹስ ምን ላሳያቸው?» አለኝ።

የአባቶቻችን አቆጣጠር ግልጽ ነው። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን ነው፤ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፤ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ቀን ነው። እንግዲህ በመጽሐፍ ሕግ የአበባው ወራት መጸው ነው እንጂ ጸደይ አይደለም፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ዘመነ ጽጌ መባሉም ስለዚህ ነው። ሕዝቡ ግን በልማድ አደይ የምትፈነዳበትን ወራት ጸደይ ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ አንድ ልጅ መስከረምን ጸደይ ቢል ሁለቱን አጠራሮች አስረዱት እንጂ አትቈጡት። ክረምቱንም ራሱን ሊቃውንቱ በየክፍሉ ለይተውታል፤ ከነሐሴ 28 ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ያለውን ክፍል ጎሕ፣ ነግህ፣ ጽባሕ ይሉታል። ክረምቱን እንደ ሌሊት ቢቈጥሩት እነዚህ ቀኖች የሚነጋባቸው ናቸው ማለት ነው። እኛም የመጀመሪያውን ምልክት ለመፈለግ የወጣነው በዚሁ ጎሕ በተባለው ጊዜ ነበር።

የአውሮፓ መጽሐፍ ለምን እንደማይስማማን ደግሞ ለልጆች በቀላል ቃል መንገር ይቻላል። በዚያ አገር ዛፍን የሚያስተኛው ብርድና የቀን ማጠር ነው፤ ስለዚህ የሚናፈቀው ሙቀት ነው። አገራችን ኢትዮጵያ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ3ኛው እስከ 15ኛው ዲግሪ ገደማ የምትገኝ ስለሆነች የቀኗና የሌሊቷ ርዝመት እምብዛም አይለዋወጥም፤ የዕፀዋትን ዘመን የሚወስነው ዝናም ነው። ዝናሙ ምድሩን ያጠግባል፤ ነገር ግን በዘነበ ጊዜ ንብ አትበርርም፤ የአበባውም ብናኝ ይታጠባል። ዝናሙ ሲቀንስና ፀሐይ ስትወጣ አፈሩ ገና ውሃ እንደያዘ፣ ንቡም እንደ ልቡ መብረር እንደቻለ፣ አበባ ሁሉ በአንድነት ይፈነዳል። በደጋው አገር የማር ቈረጣው ከአደይ አበባ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር መሆኑን ከናንተ መካከል ንብ ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ወደ ጉዞው ልመለስ። ቦታው በደቡብ ጎንደር፣ በደጋው ክፍል፣ እኔ በልጅነቴ ቅኔ የተማርሁበት አገር ነው። ቀኑ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ስለ ነበረ ገበሬው ከአረም አርፎ ነበር። ልጆቹ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወንዝ ወርደው የጳጉሜንን ጠበል ተጠምቀው መጥተዋልና ጠጕራቸው አልደረቀም። ጭጋጉ ከሸለቆው ሳይነሣ፣ ጭቃው እግራችንን እየያዘው ሄድን። መምህሩ ለልጆቹ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጣቸው፤ «ክረምቱ ሊወጣ መሆኑን የሚናገር ነገር ያየ ልጅ ይናገር፤ ስለ ምን እንደዚያ እንዳለም ያስረዳ» አላቸው።

መጀመሪያ የተናገረው ስለ አመዳይ የጠየቀው ያው ልጅ ነው። ጅረቱን ስንሻገር ቆመና፦ «ውሃው ጠርቷል» አለ። እውነት ነበረ። በሐምሌ ያ ጅረት እንደ ጠላ ደፍርሶ የሚወርድ ነው፤ አሁን ግን የታችኛው ጠጠር ይታያል። ምክንያቱን ብንጠይቀው፦ «ሣሩ አድጎ አፈሩን ስለያዘው ነው» ብሎ መለሰ። ይህን ከመጽሐፍ አልተማረም፤ እረኛ ስለሆነ ከሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ ጅረቱን ሲሻገር ያየው ነገር ነው። መምህራን ሆይ፤ ይህን ልብ አድርጉ፤ በትምህርት ቤት ሰነፍ የተባለ ልጅ በሜዳ ላይ መምህር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ምልክት ወፍ ነበረ። በሣሩ ጫፍ ላይ ቀይና ጥቍር ላባ የለበሰ ትንሽ ወፍ ተቀምጦ አየን፤ ልጆቹም በአንድ ቃል «የመስቀል ወፍ!» ብለው ጮኹ። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚለውን ሰው ሁላችን የመስቀል ወፍ እንለዋለን። ዳሩ ግን በዚህ ነገር ወፉ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ሕዝባችን በዚህ ስም ከሚጠራቸው ወፎች ብዙዎቹ ከአገር ወጥተው የሚመለሱ አይደሉም፤ በበጋ ወራት ወንዱ እንደ ሴቷ ቡናማ ላባ ለብሶ ድንቢጥ መስሎ በመካከላችን ይኖራል። ዝናም ዘንቦ ሣር ሲረዝም፣ ጎጆ የሚሠራበትና ጫጩት የሚያሳድግበት ጊዜ ሲደርስ፣ ሴቷን ለማማለል ቀይና ጥቍሩን ወይም ቢጫና ጥቍሩን ልብሱን ይለብሳል። እርሱ ሁልጊዜ ከኛ ጋር ነበር፤ ያላወቅነው እኛ ነን።

ከሩቅ አገር የሚመጡ ሌሎች ወፎች ደግሞ አሉ። በመስከረምና በጥቅምት ከከብት እግር ሥር እየተከተሉ ጅራታቸውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወዛውዙ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ ቀጫጭን ወፎች ታያላችሁ። እነዚህ በአውሮፓና በእስያ ተወልደው፣ በዚያ ብርዱ ገብቶ ትሉና ዝንቡ ሲጠፋባቸው ባሕርና በረሃ ተሻግረው ወደ እኛ የሚመጡ ናቸው። የእነርሱ አገር ቅጠሉን ሲያራግፍ የእኛ አገር አበባውን ያወጣል። በመጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ውሸት አለመሆኑን፣ የሌላ አገር እውነት መሆኑን ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ ወፍ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

አደይን ግን ገና አልፈነዳችም ነበርና በእምቡጥ አገኘናት። በእርሻው ዳር ቆማ፣ ጫፏ ላይ ጥቂት ቢጫ ብቻ አሳይታ ነበር። ልጆቹ ሊቀጥፏት ሲሉ መምህሩ ከለከላቸው፤ «ለዕንቍጣጣሽ ተዉአት» አላቸው። እኔም በልቤ፣ እንግዲህ የፈለግነውን አግኝተናል፤ ወደ ዐጸዱ የምንገባው ለመባረክ ብቻ ነው ብዬ አሰብሁ። ተሳስቼ ነበር።

ወደ ዐጸዱ በገባን ጊዜ ሁላችን ዝም አልን። ከውጭ ያለው ኰረብታ እርሻና ግጦሽ ብቻ ነው፤ ከዐጸዱ ውስጥ ግን ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው ቆሞ ግንዱን ሽበት አልብሶታል፤ ቅርንጫፉም የሌሊቱን ዝናም ገና ያንጠባጥባል። እኔ በልጅነቴ ቅኔ ስቈጥር ከጓደኞቼ ተለይቼ የምቀመጥበትን ወይራ ፈለግሁና አገኘሁት። ሠላሳ ዓመት ያህል አልፎ ያ ዛፍ እንደ ነበረ አለ። ደስ ብሎኝ ልጆቹን ሰብስቤ፣ ይህ ወይራ ነው፣ እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ለሞፈርም ለምርኵዝም ይሆናል፣ ጢሱ የወተት ዕቃ ያጥናል እያልሁ የማውቀውን ሁሉ ነገርኋቸው። ቀና ብለው ሲሰሙኝ ቆዩ።

በዚያው ዐጸድ ውስጥ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት መነኵሴ ጭራሮ ሲለቅሙ ቆመው ይሰሙን ነበርና ቀረብ ብለው፦ «ልጄ፤ ምነው ላይ ላዩን ብቻ ታሳያቸዋለህ? የክረምቱን በረከት ለማየት ዝቅ ማለት ይሻላል» አሉኝ። «እማሆይ፤ ዝቅ ብዬ ምን አያለሁ?» አልኋቸው። እርሳቸውም ዘንጋቸውን ወደ መሬት አመልክተው፦ «እሱን ነው የምልህ። ይህች እናት ናት፤ ልጇ የታለ?» አሉ።

ዝቅ ብዬ አየሁ። ከወይራው ሥር የተረገጠ መሬትና የከብት ኵበት ብቻ ነበር። ያንን ዛፍ ስመለከት ስንት ቀን ተቀምጫለሁ፤ በዙሪያው ታናሽ ወይራ መኖሩንና አለመኖሩን ግን አንድ ቀንም አልጠየቅሁም። እማሆይም ልጆቹን እየመሩ በስተምሥራቅ በኩል ወደ ነበረው የድንጋይ ካብ ወሰዱን። ምእመናኑ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእርሻቸው የለቀሙትን ድንጋይ እየተሸከሙ የዐጸዱን አንድ ወገን አጥረውታል፤ ጕልበት አልቆባቸው ሌላው ወገን ሳይታጠር ቀርቷል። በካቡ ውስጥ፣ በሌላ ወይራ ሥር፣ ሣሩን ገለጥ ቢያደርጉት የጣት ርዝመት ያላቸው ቡቃያዎች ቆመዋል። ቅጠላቸው ቀጠን ያለ፣ ላዩ አረንጓዴ፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። ልጆቹ በጕልበታቸው ተንበርክከው መቍጠር ጀመሩ፤ የእጃቸው ጣት አልቆ የእግራቸውን ጣት ጨመሩ። ወዲያው ካቡን ተሻግረው ባልታጠረው ወገን በዚያው ስፋት ፈለጉ፤ አንድ እንኳ አላገኙም። ያ እረኛ ልጅ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ቀስ ብሎ፦ «ጋሼ፤ የእኛም ላሞች እዚህ ይገባሉ» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም የምመልስለት አጣሁ።

ክቡራን ሆይ፤ በዚያ ቀን የተረዳሁት ነገር ይህ ነው። አደይ አበባን ማንም ሳይዘራትና ሳይጠብቃት በየዓመቱ ትመጣለች። የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር አብዛኛው በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ዝናምን መጠበቅ ይችላል። የዱር ዛፎች አብዛኞቹ ግን እንደዚህ አይደሉም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የአገራችን ሊቅ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምረው ጥናታቸውን በሆላንድ አገር በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. አቅርበዋል። በእነዚያ ደኖች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። ከደኑ አፈር ወስደው የተሰወረውን ዘር ሲመረምሩ ግን ያገኙት አብዛኛው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነበር፤ ከዛፎቹ ብዙዎቹ በአፈር ውስጥ ዘር አያስቀምጡም። ከብት የማይገባበት ቦታም ከሚገባበት ይልቅ ቡቃያው እንደሚተርፍ ጥናታቸው አስረድቷል። እማሆይ በዘንጋቸው ያሳዩን ነገር ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

የዚህን ፍሬ ነገር በግልጽ ልንገራችሁ። አንድ ደን ሽማግሌዎቹ ዛፎች ቆመው ሳሉ ሊሞት ይችላል። ከሩቅ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ግርማው አልጐደለም፤ እኛም አለልን እንላለን። ነገር ግን ልጅ እንደሌለበት ቤት ነው። ሽማግሌው ዛፍ በነፋስ ወይም በእርጅና በወደቀ ቀን በቦታው የሚነሣ የለም፤ አፈሩም ያስቀመጠው ዘር የለውም። በዚያን ጊዜ በመስከረም አደይ እንደ ልማዷ ትፈነዳለች፤ ሰውም አበባውን አይቶ ምድሪቱ ደኅና ናት ብሎ ይታለላል። ስለዚህ አበባ መውጣቱን ብቻ አይተን አንመለስ፤ ቡቃያ መኖሩንም ዝቅ ብለን እንመርምር።

ለመምህራን የምለምነው ሥራ ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ልጆቹን በዓመት ሦስት ጊዜ ወደ አንዱ ቦታ ውሰዷቸው፤ አንድ ጊዜ በጳጉሜን ወይም በመስከረም መባቻ፣ አንድ ጊዜ በጥቅምት፣ አንድ ጊዜ በጥር። አንድ ዛፍ ይምረጡ፤ በሥሩ አንድ የሰሌን ምንጣፍ የሚያህል ቦታ በአራት ችካል ይለዩ፤ በውስጡ ያለውን ቡቃያ ይቍጠሩ፤ ቍመቱን በስንዝርና በጣት ይለኩ፤ ቀኑን ጨምረው በደብተር ይጻፉ። ቍጥሩ በጥር ካነሰ፣ ምን አጠፋው ብለው ይመርምሩ፤ ድርቅ ነውን? የከብት አፍ ነውን? የሰው እግር ነውን? ከዚህ ትምህርት ሒሳብም ጽሕፈትም የተፈጥሮ ምርመራም ይገኛል። የዛፉን ስም ልጆቹ ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይምጡ። በከተማ የሚታተም መጽሐፍ የመንደራችሁን ቍጥቋጦ ስም ሁሉ ሊይዝ አይችልም፤ ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። እኔ ራሴ በዚያ ቀን ሁለት ቍጥቋጦ ማን እንደሚባል ተጠይቄ ሳላውቀው ቀርቻለሁ፤ የነገረችኝ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ እርሷም ከአያቷ ሰምታ ነው።

ወደ እናንተ ወደ ሽማግሌዎች ስመለስ ነገሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ቡቃያው በክረምት ቢበቅል አደጋው የሚመጣው በበጋ ነው። በጥርና በየካቲት መስኩ ሲደርቅ አረንጓዴ የሚታየው በዐጸዱ ውስጥ ብቻ ስለሚሆን ከብቱ ወደዚያ ይሳባል። ገበሬውም ከብቱ ሲራብ ዝም ብሎ ሊያይ አይችልም፤ በሬው ከሞተበት ቤቱ ይፈታል። ስለዚህ ከብት አታስገቡ ብሎ አዝዞ መሄድ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በጥቅምትና በኅዳር በዐጸዱ ዙሪያና በድንበሩ ላይ ያለውን ሣር አጭዶ ከምሮ ለበጋ ማቈየት ይቻላል፤ የታጨደው ሣር ለችግረኛው ቢታደል ካቡን የሚያፈርስ አይኖርም። ካቡም ቢሆን ከእርሻው በሚለቀም ድንጋይ ስለሚሠራ እርሻውን ያጠራል፤ አንዱ ሥራ ሁለት ጥቅም አለው። በዓል ወይም ደቦ በሆነ ቀን ሰው ሁሉ አንዳንድ ድንጋይ ይዞ ቢመጣ የቀረው ወገን ብዙ ዓመት አይፈጅም። ይህን ሊያዝዝና ሊያስማማ የሚችለው ደግሞ ወጣቱ መምህር ሳይሆን በሸንጎ የሚሰማው የእናንተ ቃል ነው።

ከዐጸዱ ወጥተን ወደ መንደር ስንመለስ ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ያ እረኛ ልጅ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ቀርቶ ካቡ በተቋረጠበት ቦታ ጐንበስ ብሎ አየሁት። ምን ረሳ ብዬ ዞር ብል ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ አንሥቶ በካቡ ጫፍ ላይ አስቀምጦ መጣ። የጠየቀውም ያዘዘውም ሰው አልነበረም። በመንገድ ላይም ለመምህሩ፦ «አሁን አመዳይ ባይኖረንም ምን እንደምንጽፍ አውቄአለሁ» አለው።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ልጁ የጀመረውን ካብ ለልጁ ብቻ አንተውለት። በሚመጣው ጳጉሜን ሁላችን ወደየደብራችን ዐጸድ ወጥተን ዝቅ ብለን እንመልከት፤ ያጣነውንም ያገኘነውንም በደብተር ጽፈን በሸንጎ እንነጋገርበት። ክረምቱን በሰላም ያወጣን አምላክ መጪውን ዘመን የምሕረትና የጥጋብ ዘመን ያድርግልን፤ ለአሮጌው ዛፍ ልጅን፣ ለልጆቻችንም ጥላን ይስጥልን።